የማለደ መርዶ

ልጄ ሬዑት፣ ፈጣሪ ባለሽበት አገር ይጠብቅሽ።

ማክሰኞ ዕለት ጎረቤታችን ኢንባል አዲሱን ልብ ወለድሽን አንብባ ጨረሰችልኝ። በመጽሐፉ መጨረሻ ሱዳን መንገድ ላይ የጠፋው ልጅ መቃብሩ ተገኘ። «ይሄን ሁሉ ከየት አመጣችው?» አለች ተደንቃ። እኔ ግን ጆሮው ላይ ካለው ጠባሳ ወንድምሽ ማለደ መሆኑን አወቅሁ። ስደውልልሽ፣ «ኢማ፣ የቀበረው ሰው ነግሮኝ ነው፤ እንዳትጎጂ ብዬ ደበቅሁሽ» አልሽ።

ከእኔ ደብቀሽ ለባዕድ ሁሉ ነገርሽ? መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገረው። እኔ የልጄን ሞት እንደ ማንም አንባቢ መጨረሻውን ጠብቄ ሰማሁ።

ለቅሶ ተቀምጫለሁ። አንቺ ግን ብርድ እንዳይመታሽ፣ ሹራብሽን ደርቢ። እጅሽ ይባረክ። ብቻ መጽሐፉ እንደገና ሲታተም ስሙ ማለደ እንደነበር ጻፊበት፤ ያነበበው ሁሉ «ነፍሱን ይማር» ይበልልኝ።

እናትሽ ተናኜ፣ ከረሆቮት