አንጀቱ የእኔ፣ ወሬው የወንድሜ

ለተከበራችሁ የሆስፒታላችን የሐኪሞች ቦርድ አባላት፤
ደብረ ታቦር

ጤናና ሰላም እንደ ክረምት ዝናብ ይውረድላችሁ፤ የበላችሁት ሁሉ ይስማማችሁ። እኔ ዝናሽ ባዩ፣ የአንበሳሜዋ ልብስ ሰፊ፣ የፋሲካን ጾም በፈታሁ ማግስት አንጀቴ ተጠማዝዞ ብመጣ፣ የሞተውን ቆርጣችሁ ነፍሴን አትርፋችኋል። ይህ ምስጋና የምሬን ነው፤ የሚከተለው ግን እንደዚያ አይደለም።

አንደኛ፣ የቀረልኝ አንጀት እንደማያኖረኝ፣ በደም ሥሬ በሚንጠባጠብ ምግብ እየቆየሁ የሌላ ሰው ትንሹ አንጀት ሊተከልልኝ እንደሚገባ ለታላቅ ወንድሜ ለደምሴ ኮሪደር ላይ ነግራችሁ፣ እኔ እንዳልደነግጥ አደራ ስላላችሁት እጅግ አመሰግናለሁ። መርዶ ከዘመድ እስኪነጋ ይደበቃል፤ ከሟቹ ከራሱ መደበቅ ግን የእናንተ ፈጠራ ነው።

ሁለተኛ፣ ወንድሜ ምስጢር ጠባቂ ነውና የነገረው ለአጎቶቼ ብቻ ነው። ከአጎቶቼ የሐሙሲት ገበያ ሰማ። እኔ ያወቅሁት የንስሐ አባቴ ሊያናዝዙኝ መስቀላቸውን ይዘው አልጋዬ ግርጌ ሲቆሙ ነው።

ሦስተኛው ነው ያንገበገበኝ። ታናሽ እህቴ ፍቅርተ ከአንጀቷ ተቆርጦ እንዲሰጠኝ እሺ ብላ፣ ወደ ውጭ አገር የምንሄድበት ቀን ሳይቀር ተቆርጦ ኖሯል! ልጅቷ ትጎዳ ይሆን? ሰውነቴ አንጀቷን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ቢያባርረውስ? እንዳያባርረው ዕድሜ ልኬን የምውጠው መድኃኒት ለሌላ በሽታ ቢያጋልጠኝስ? ወንድሜን ብጠይቀው፣ ሐኪሞቹ ያውቃሉና ዝም ብዬ እንድተኛ መከረኝ። ወይ ጉድ! የሚቀደደው የማን ሆድ ነው? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም አሉ። አንጀቴ አረረ እንዳልል እንኳ የሚያርር አልተዋችሁልኝም።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው አንድ ሐኪም ወንበር ስቦ አልጋዬ አጠገብ እንዲቀመጥና ፍቅርተ ባለችበት፣ ጥሩውንም ክፉውንም በአማርኛ እንዲያስረዳን ብቻ ነው። ከዚያ እሺ ወይም እምቢ የምንለው እኔና እሷ ነን። እስከዚያ እህቴን ማንም እንዳይነካት!

ጥበባችሁን ከሩቅ የምታደንቅ፣ የገዛ ገላዋን ወሬ ከገበያተኛ በኋላ የምትሰማ፣
ትሑት ታካሚያችሁ ዝናሽ ባዩ፣
ከመስኮቱ ሥር ካለው አልጋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ አስቀድሞ ለየታላላቅ ወንድሞቻችሁ ደርሷል። እንዳትደነግጡ ብዬ ነው፤ ልባቸው ይችላል ባሉ ዕለት ይነግሯችኋል።