የገመድ ሠሪዎች መንገድ

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 1
ጎብኚ ጥቂት። እግሬ ተቃጠለ። ሃያ ሁለት ዓመት የሙዚየም ሥዕል ስጠብቅ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ ወለል ጠባቂ ሆኜ አረፍኩት! አንዲት ሠዓሊ ከጦርነቱ በፊት የነበረውን ከተማችንን፣ ለ አቭርን፣ በጠመኔ አዳራሹ ወለል ላይ አሰመረችው... መንገዱን፣ ቤቱን፣ በሩን ሳይቀር። የኔ ሥራ ማንም እንዳይረግጠው መጠበቅ።
ከሥራ ወጥቼ አባባ ዘንድ ጎራ አልኩ። የአረጋውያን መኖሪያውን ወረቀት ዛሬም አልፈረመም። ክፍሉን የሚይዙልን እስከ ዓርብ ነው። ሰማንያ ሰባት ዓመቱ፣ በዚህ ወር ብቻ ሁለቴ ወድቋል። "ከዚህ ቤት የሚወጣው ሬሳዬ ነው" አለኝ። ግትር! እርጥበት የበላው ምድር ቤት... ምኑ ያሳሳል?

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 3
አባባ ስለ ወለሉ ጠየቀኝ። የሙዚየሙን ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው! የገመድ ሠሪዎች መንገድም አለ ወይ አለኝ። አለ አልኩት። የተወለደበት ነው። እህቱ ሶላንዥ በ1944፣ ከጠላት ነፃ ሊያወጡን የመጡት አውሮፕላኖች ከተማውን በቦምብ ሲያነዱት፣ በአሥራ አንድ ዓመቷ ጠፋች። ሬሳዋ አልተገኘም። ስሟን አያነሳም፤ እኛም አናነሳበትም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 5
ቦምቡ የወረደበት ቀን፣ ሰማንያኛ ዓመቱ። አባባ መጣ! ከረባት አስሮ፣ ከዘራውን ይዞ።
መከለያውን አልፎ ጠመኔው ላይ ገባ። ማስቆም ነበረብኝ... አልቻልኩም። በአቋራጭ አልሄደም። መንገድ መንገዱን ይዞ በየማዕዘኑ ታጠፈ። አንድ ቦታ ቆሞ ግራ ቀኝ አየ። የልጅነቱን ትራም ሊያሳልፍ።
የተወለደበት ቤት በር ጋ ሲደርስ ቆመ።
"ስንሸሽ አንድ ጫማዬ ቤት ቀረ። አምጪልኝ ብዬ እህቴ ላይ አለቀስኩባት። ተመልሳ ገባች... ቤቱ ላይዋ ላይ ወረደ።"
እናቱ ስትጠይቀው ፈርቶ፣ ወደ ወደቡ ሮጣለች አላት። የሰባት ዓመት ልጅ! እናትየው ሁለት ሳምንት ወደቡ ላይ ፍርስራሽ ስትቆፍር ከረመች። ትክክለኛው ቦታ ላይ ግን ማንም አልቆፈረም። ፍርስራሹን ደልድለው አዲሱን ከተማ ላዩ ላይ ሠሩበት።
አሁን እዚያ ምን አለ አልኩት።
"የኛ ቤት ነዋ፣ ልጄ። ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ነው የተከራየሁት።"

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 6
ለአረጋውያን መኖሪያው ደወልኩ። ክፍሉን ለሌላ ስጡት አልኳቸው።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 15
ጓዜን ጠቅልዬ አባባ ቤት ከገባሁ ሦስተኛ ቀኔ። ዛሬ ወለሉን ስጠርግ፣ "እግርሽን ሰብስቢ፣ ሶላንዥ" አልኩ... ከአፌ አመለጠኝ። ደነገጥኩ። አባባ የራሱንም እግር አነሳ።