በግድግዳው ላይ የቀረው በር

ቦሌ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለምሳሳልሽ እታለም፤

እንዴት ነሽልኝ? የናዝሬት ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ያ ሳልሽስ ለቀቀሽ? እኔ ደህና ነኝ። የናፈቀኝ ጸጉሬን ስትሠሪኝ የምትቆጪኝ ቁጣ ነው። ጎረቤታችን እትዬ አሰፋሽም ደህና ናቸው፤ እንዳልፈራ ማታ ማታ እኔ ዘንድ እያደሩ በማንኮራፋት ይጠብቁኛል።

በደብዳቤሽ፣ ስሜ ከቤቱ ውል ላይ ተሰረዘ ወይ ብለሽኛል። አልተሰረዘም። እንዴት እንደተረፈ ግን ልንገርሽ።

ከጋሼ ዘርአጽዮን ጋር ተፋታችሁ አንቺ ወደ ስልጠናሽ ከሄድሽ በኋላ ቀበሌው፣ ቤቱ ለአንድ ወንደላጤ ይሰፋል፤ ሚስትየው ስለለቀቀች ግማሹ፣ ቤት ለሌለው ሰው ይሰጥ አለ። ያ ቢሆን አንቺ ስትመለሺ የምትገቢበት፣ እኔም እስከዚያ የምጠብቅሽ ቤት አልነበረንም። እሁድ በስብሰባው ላይ የቤቶች ኮሚቴው ጓድ ላጲሶ፣ በሚስትየው በኩል ማን አለ ብለው ጠየቁ። እኔ ከእትዬ አሰፋሽ ጀርባ ተደብቄ ነበር። እሳቸው ቆንጠጥ አደረጉኝና፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ቤትም አይገባም፤ ተነሺ አሉኝ።

ተነሳሁ። እህቴ ስልጠና ላይ ናት እንጂ ቤቱን አልለቀቀችም፤ እኔም በቤተሰብ ቅጹ ላይ አለሁ አልኩ። ልክ ያን ጊዜ አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ማንም አልሰማኝም። ጓድ ላጲሶ ድገሚው አሉኝ። ባለ በሌለ ኃይሌ ጮኬ ደገምኩት፤ ለካ አውሮፕላኑ ሄዷል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ጋሼ ብቻ አልሳቁም። ብድግ ብለው፣ ልጅቷ ልክ ናት፤ ግማሹ የእህቷ ነው አሉ። ስለዚህ ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ ለየራሳችሁ ቁጥር እንዲሰጣችሁ ተወሰነ።

በማግስቱ ኮሚቴው ገመድ ይዞ መጣ። እኩል ለእኩል ሲለኩት መስመሩ በበሩ መሀል ላይ አረፈ። ጓድ ላጲሶ ገመዱን ይዘው ቆመው ቀሩ። እትዬ አሰፋሽ፣ እንግዲህ በሩንም በመጋዝ ሰንጥቁትና አንዳንድ ክንፍ ውሰዱ፤ ዝናቡም እኩል ይግባላችሁ አሉ። ጋሼ፣ በሩ የእሷ ይሁን፤ እኔ የጓሮውን መስኮት አስፍቼ በር አደርገዋለሁ ብለው ገላገሏቸው። እስኪያሰፉት ድረስ ሳምንቱን ሙሉ የቢሮ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በመስኮት ሲገቡ ሲወጡ ሰነበቱ። ሰፈርተኛው ሌባው ጓድ ይላቸው ጀመር፤ እሳቸውም ይስቃሉ።

መካከለኛውን ግድግዳ በኮምፔንሳቶ ራሳቸው ሠሩት። ግን ጥጉ ላይ ክፍት ትተው ትንሽ በር ገጠሙበት። ምነው ብላቸው፣ ኮምፔንሳቶው አጠረኝ አሉ። ጓሮ ስጠርግ ያልተነካ አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ ተደግፎ አየሁ። ዝም አልኩ፤ ዝምታ መቼም አያቅተኝም። መቀርቀሪያው በእኛ በኩል ነው። በእሳቸው በኩል እጀታ እንኳ የለውም። እትዬ አሰፋሽ በሩን ወዲያና ወዲህ አገላብጠው አዩትና መቀርቀሪያውን መልሰው ቀረቀሩት።

አሁን ቤትሽ 316/ለ ነው፤ ስምሽ በውሉ ላይ በአዲስ ቀለም ተጽፏል። በሩን እንደተቀረቀረ ትቼዋለሁ፤ እሱ የአንቺ ነገር ነው። ብቻ ለፋሲካ ትመጪ እንደሆነ ብዬ፣ እንዳይጮህ ትናንት ዘይት ቀባሁት።

የእናታችን ምርቃት ከፊትም ከኋላም ይከተልሽ። በሰላም ያገናኘን።

ድምፅ የላትም የምትያት
ታናሽ እህትሽ