የበቅሎ ተራና የሰኢድ እንግዳ

ሰኞ

ዛሬም ጨው ሻጯ «ፓይለቱ ልጅሽ ደህና ነው?» አለችኝ። ፓይለት አይደለም! ስንት ጊዜ ልናገር? ሰኢድ አውሮፕላን ያከራያል። ገዝቶ ለአየር መንገዶች ይሰጣል፤ እነሱ ያበሩታል፤ እሱ ኪራዩን ይቀበላል። እኔ በቅሎ እንደማከራየው ማለት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። «ታዲያ በደባርቅ ላይ ሲያልፍ ዝቅ ብሎ ሰላም አይልሽም?» ብላ ሳቀች። ጨውዋን ትቼላት መጣሁ። አሁን ቤት ውስጥ ጨው የለም።

ሲመሽ ራሱ ከአየርላንድ ደወለ። ሐሙስ ይመጣል። ከስንት ዘመን በኋላ! ልቤ ዘለለ። ለካ ብቻውን አይደለም። የአንድ አየር መንገድ ባለቤት ይዞ ነው፤ ስሜን ተራራን ሊያሳየው። «እማ፣ ሁለቱን በቅሎዎችሽን ለዓርብ አዘጋጂልኝ» አለ። ተራ አለ አልኩት። «ያንቺው በቅሎ አይደል እንዴ?» አለና መስመሩ ተቋረጠ።

ማክሰኞ

ሰኢድ ስለ ተራው አያውቅም። እሱ በሱዳን በኩል ከወጣ በኋላ ነው የተጀመረው። እዚህ በቅሎ የሚያከራይ ሁሉ ማኅበር ውስጥ ነው፤ እንግዳ የማንም ዘመድ ይሁን፣ የሚወስደው ባለ ተራው ነው። አሁን ተራው የአዳነ ነው። የኔ ገና ነው። ተራ የጣሰ ይባረራል። አምና አዳነ የጎንደር ዘመዶቹን ደብቆ ሲወስድ «ይባረር!» ብዬ ከሁሉ በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። ስንቱ ለምኖለት አንድ ዙር ታግዶ ዳነ።

ይህን ሁሉ ለሰኢድ በስልክ ዘረዘርኩለት። «እማ፣ ሁለት አውሮፕላን ተከራይ አጥቶ ቆሞብኛል» አለ። «የቆመ አውሮፕላን ይበላል። ይኼ ሰውዬ ካልተከራየኝ አለቀልኝ።» መብላቱስ ገባኝ። እንግዳ የጠፋ ጊዜ በቅሎዎቼ ቆመው ገብሴን ሲጨርሱ አይቻለሁ። ግን የአዳነ በቅሎ ምን ሆነና ነው? «ማከራየትን የተማርኩት ከእናቴ ነው ብዬዋለሁ። ያንቺ በቅሎ ላይ ካልሆነ አልወጣም ብሏል።»

ማን ተናገር አለው! አውሮፕላን ውስጥ ሲጠርግ ኖሮ ነው እዚህ የደረሰው፤ ያንን አያወራም?

ረቡዕ

ጨው መግዛት። የተበጠሰውን የኮርቻ ጠፍር ማሰፋት። ፈረንጁ ምን እንደሚበላ መጠየቅ። አዳነን መለመን።

የመጨረሻው አቃጠለኝ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ሞላ «አዳነ ከፈቀደ ተራ መለዋወጥ ይቻላል» ስላሉኝ ሄድኩ። አዳነ በቅሎውን ያሻል፤ ቀና እንኳ አላለም። «እትዬ ዘይነባ፣ አምና ድምፅዎ ዳባት ድረስ ይሰማ ነበር። ዛሬ ምነው አነሰ?» አለኝ። አልለውጥም አለ። እኔም ብሆን አልለውጥም ነበር፤ ይኼ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ሐሙስ

ገቡ። ሰኢድ ከስቷል፤ ፀጉሩ ሸሽቷል። እያቀፈኝ ስልኩን ያያል። እንግዳው ረጅም፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ ያቀረብኩለትን ሁሉ በላ፤ ሚጥሚጣው ሲያስለቅሰውም አልተወም። ልጠላው ፈልጌ አቃተኝ።

ለሰኢድ ቁርጡን ነገርኩት፤ ነገ የሚወስዳችሁ አዳነ ነው። «እሺ እማ» አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ ቶሎ እሺ ሲል ደስ አይለኝም።

ዓርብ

ለሱብሒ ሰላት ተነሥቼ ወጣሁ። ጋጡ ባዶ ነው። ሁለቱም በቅሎዎች የሉም፤ ኮርቻውም የለም።

ምን ልበል? አልሰማሁም? ልጄ ሰረቀኝ? ድምፄን አጥፍቼ ቤት ልተኛ? ነጠላዬን አጣፍቼ እንግዳ በበቅሎ የሚነሣበት ቦታ ሄድኩ። አዳነ በቅሎዎቹን ጭኖ ቆሟል።

«እንግዳዬስ?» አለኝ።

«ልጄ ወሰደው። በኔ በቅሎ።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ኮርቻውን መፍታት ጀመረ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አቶ ሞላ «እሑድ ይታያል» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ቅዳሜ

ተራራው ላይ ሳንቃበር አድረው ተመለሱ። እንግዳው ፀሐይ ልጦታል፤ ጭላዳ ዝንጀሮ አይቶ አብዷል። ሁለቱንም አውሮፕላኖች ሊከራይ ተስማምቶ እጅ መትቷል። ሰኢድ በደስታ ሊሸከመኝ ምንም አልቀረው።

«ነገ ማኅበሩ ፊት ትቆማለህ» አልኩት።

«ለበቅሎ ተራ?»

«ተከራይህ አንተን ሳይጠይቅ አውሮፕላንህን ለሌላ ቢሰጥስ?»

«እሱማ ውል ነው፣ እማ። ይኼ መንደር ነው።»

«መንደር ነው። የምኖርበት መንደር ነው!»

«ከኔ ተራው በለጠብሽ?»

«አንተ ሰኞ ትሄዳለህ። ከነአዳነ ጋር የምቀረው እኔ ነኝ።»

በሩን ዘግቶ ወጣ። እንግዳው ምንም ሳይገባው ፈገግ አለልኝ። ሻይ ቀዳሁለት፤ እሱ ምን አደረገ!

እሑድ

ሰኢድ አይመጣም ብዬ ቆርጬ ነበር። ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ ከተሰበሰበ በኋላ መጣ። ግማሹን በእንግሊዝኛ ሲጀምር አቶ ሞላ «ልጄ፣ በአማርኛ አድርገው» አሉት፤ ተሳቀ። ከዚያ ቀጥ አድርጎ ተናገረ። «እናቴ ከልክላኝ ነበር። ተኝታ ሳለ ፈትቼ ወሰድኳቸው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ።»

አንዱ «ይባረሩ! እሳቸውስ ለሰው አዝነው ያውቃሉ?» አለ። አዳነ ተነሣ። መሬት መሬት አየሁ።

«እኔ የተቀጣሁትን ይቀጡ» አለ። «አንድ ዙር። ከዚያ አይለፍ። የዓርቡ ተራዬም ይመለስልኝ።»

አለቀ። ስሜ አልተሰረዘም። አመሰግናለሁ ልለው ስጠጋ «ዙሩ እስኪደርስዎ ጉሮሮዎን ያሳርፉ» አለኝ። ባለጌ!

መንገድ ላይ ሰኢድ «ዙሩ መቼ ይመለሳል?» አለ። እንግዳ ከመጣ ቶሎ፤ ካልመጣ እንጃ አልኩት። ነገ ይሄዳል። ታርቀናል ወይስ ተኳርፈናል፣ አላወቅሁም። አሁን ጋጥ ውስጥ ነው፤ ለበቅሎዎቹ ገብስ እየሰጠ ያወራቸዋል። ምን እንደሚላቸው ከዚህ አይሰማም። ልጠራው ብዬ ተውኩት።