ባና የለበሰው ኤሲ

ጥቅምት 11

ዛሬ የሥጋ ቤቱን ፍሪጅ ሠራሁ። ምንም አልነበረበትም፣ የበሩ ላስቲክ ነው። ከሰዓት በኋላ ቤት ገብቼ ኤሲዬን አስነሳሁ። ያው እንደ ልማዱ አላፊ አግዳሚው ቆሞ አየኝ። "ፋንታሁን፣ የመንዝ ብርድ አንሶህ ነው?" አለኝ አንዱ። አምስት ዓመት ሙሉ ይቺው ቀልድ። አይሰለቻቸውም?

እውነታቸውን ነው እንግዲህ። በዚህ አገር ግድግዳው ላይ ኤሲ የሰቀለ ከኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ሰመራ አሥራ አንድ ዓመት ኤሲ ጠግኜ ስመለስ ይዤ የመጣሁት እሱን ነው። ሌላው ሰው ቴሌቪዥን ይዞ ይመጣል...

እየሩስ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ "ዛሬስ ስንት ደቂቃ?" አለች። "እንደ ትናንቱ" አልኳት። የትናንቱንም አልነገርኳትም። ሚስቴ አይደለችም እንዴ? ለምን አልነግራትም? እንጃ። ልማድ ነው።

ጥቅምት 19

ደብዳቤው ከአዲስ አበባ መጣ። ለፓተንት ካመለከትኩ ስምንት ወሬ ነው። ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ተቀምጬ እንደገና።

ነገሩ ለራሴም እንዲጠራልኝ ልጻፈው። ኤሲ ውስጥ ስንት ጋዝ እንዳለ ለማወቅ ሰው ሁሉ ቱቦውን ከፍቶ የግፊት መለኪያ ጌጅ ይሰካል። በከፈተው ቁጥር ትንሽ ጋዝ ያመልጣል። እኔ አልከፍትም። ማሽኑን አስነስቼ፣ አሙቄ አጠፋዋለሁ። ከዚያ ሙቁና ቀዝቃዛው ቱቦ ሙቀታቸው እስኪስተካከል ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እቆጥራለሁ። ጋዙ ሙሉ ከሆነ ይቆያል። ከጎደለ ቶሎ ይስተካከላሉ።

የውጪው አየር ሲለዋወጥ ግን ደቂቃውም ይለዋወጣል። ለዚያ ማስተካከያ የሚሆን ሠንጠረዥ አለኝ፣ ሰመራ ላይ በላቤ የሠራሁት። ማመልከቻው ውስጥ አላስገባሁትም። ረስቼ አይደለም።

መርማሪዋ በዛወርቅ ትባላለች። እንዲህ ትላለች፦ "በዚህ ገለጻ ብቻ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ዘዴውን ሊሠራው አይችልም። የውጪው አየር ሙቀት የሚታሰበው እንዴት ነው? በብርድስ ይሠራል?" መልስ በሦስት ወር ውስጥ። አለዚያ ማመልከቻው ይዘጋል።

የደበቅኩት ቦታ ላይ ጣቷን አስቀመጠች። ጎበዝ ናት።

ጥቅምት 20

አልሰጥም። አንዴ ሰጥቼ አይቻለሁ።

ጥቅምት 27

እየሩስ ደብዳቤውን አንብባ "ታዲያ ለምን አትጽፍላቸውም?" ብላ ያዘችኝ። ስለ መኳንንት ነገርኳት። ከተጋባን አራት ዓመታችን፣ ዛሬ ነው የሰማችው።

መኳንንት ሰመራ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። አንድ ትሪ ላይ እንበላ ነበር። ደቂቃ መቁጠሩን ገና ያኔ መጀመሬ ነው፣ አሳየሁት። በሳምንቱ አለቃችን ሠራተኛውን ሰብስቦ "መኳንንት ያገኘው ዘዴ" ብሎ አስተዋወቀው። ተጨበጨበለት። እኔም ከኋላ ቆሜ አጨበጨብኩ... ምን ነክቶኝ ይሆን? ሠንጠረዡን የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው፣ ለሰው ላላሳይ ምዬ።

ስጨርስ "ለዚህ ነው እንዴ ስንት ደቂቃ እንደሆነ እንኳን የማትነግረኝ?" አለች።

"ከመኳንንት ጋር ቆጠርከኝ" አለች። በቁጣ አይደለም ያለችው። ቁጣው ይሻለኝ ነበር።

ህዳር 3

ገበያ። አባባ ከጓሳ ዳር በበቅሎ መጡ። አባቴ ጓሳን ከሚጠብቁት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ በግ አይገባበትም፣ ማጭድ አይነካውም። ሽማግሌዎቹ ቀን ሲቆርጡ ለሁሉም ይከፈታል። እሳቸው ዕድሜያቸውን የጨረሱት በዚህ ነው።

እየሩስ፣ ተንኮለኛዋ፣ ጠላ እየቀዳችላቸው የደብዳቤውን ነገር አነሳችባቸው። አባባ ወደ እኔ ዞሩ።

"ይኼ ወረቀት ቢሰጥህ ምን ያደርግልሃል?"

"ሌላ ሰው ያለ ፈቃዴ እንዳይሠራበት ይዘጋልኛል፣ አባባ።"

"ለዘለዓለም?"

"የለም። ለተወሰነ ዓመት ነው። ከዚያ ለሁሉም ይከፈታል።"

"እህ። ጓሳ በለኛ።"

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። "ጓሳ ሲዘጋ ወሰኑ ይነገራል። ከዚህ ገደል እስከዚያ ወንዝ ተብሎ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ በገበያ። ወሰኑ ያልተነገረ ሣር እንዴት ይጠበቃል? በጉን የነዳበትን ሰውዬ ብትይዘው 'አላወቅኩም' ይልሃል፣ እውነቱን ነው።" ጠላቸውን ጨረሱ። "አንተ ሣሩን ደብቀህ ጠብቁልኝ ነው የምትለው።"

በቅሎዋን ስጭንላቸውም ሌላ ነገር አላነሱም። የገብሱን አጨዳ ብቻ። ከመጡ ጀምሮ ትንሽ ያስላቸዋል። ለብቻቸው ሊያጭዱት ነው?

ህዳር 4

ሠንጠረዡን ገለበጥኩ። አራት ገጽ ሞላ። እየሩስ አጠገቤ ቁጭ ብላ ቁጥሩን እያነበበች አስተያየችኝ። መጀመሪያ ገጹን በክንዴ ከልዬ ነበር የምጽፈው። ሳየው አፈርኩና ክንዴን አነሳሁ።

የብርዱ ጥያቄ ቀረ። ሰመራ ብርድ የት አለና? እኔማ ዝም ብዬ "በብርድ አይሠራም" ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። ግን ኤሲ በብርድ አገርም ይሠራል፣ የባንክ ኮምፒዩተር ያለበት ክፍል ኤሲው ክረምት ከበጋ አይጠፋም። ደግሞ ብርድ ፍለጋ ከመንዝ ወዴት ይኬዳል?

ህዳር 12

አልሆነም። ጠዋት ጠዋት በብርዱ ለካሁ፤ ጋዙ ያው ነው፣ ደቂቃው ግን ዛሬ አራት፣ ትናንት ዘጠኝ፣ ከትናንት ወዲያ ስድስት። ውርጩና ነፋሱ ይጫወትበታል። ይኼን ለበዛወርቅ ልልክላት ነው?

ህዳር 21

ነገ ወደ አባባ፣ ለአጨዳ። ሳላቸው አልተዋቸውም። ብርዱን ማን ይለካል ስል እየሩስ "እኔ" አለች። "አርባ ዓይነት ልኬት በቃሌ ይዤ የለም እንዴ የምሰፋው?" ቴርሞሜትሩንና ሰዓቴን ሰጠኋት። አሠራሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። አንዴ ሰምታ መልሳ ነገረችኝ፣ ምንም አላጎደለችም።

ታኅሣሥ 9

አጭደን፣ ወቅተን ገባሁ። አባባ ደህና ናቸው፣ ሳሉም ለቀቃቸው።

ቤቴ ደጃፍ ስደርስ ሰው ቆሞ ይስቃል። የኤሲዬ የውጪው ክፍል ባና ለብሷል። እኛ ለብርድ የምንለብሰው፣ የበግ ጠጉር ባና።

"ይኼ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ባና ነዋ።"

"ባናነቱንማ አያለሁ።"

"ውርጭ ሲመታው አሳዘነኝ።"

ተናደድኩ። ማሽን ነው፣ አየር ካጣ ይታፈናል፣ ይቃጠላል፣ እያልኩ ጮህኩባት። "አውቃለሁ" አለች፣ "ሙሉውን ስሸፍነው መጮህ ጀመረ። ስለዚህ ግማሹን ብቻ አለበስኩት።" ከዚያ የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበትን ደብተር ከኋላ በኩል ገልጣ ሰጠችኝ። አሥራ አራት ጠዋት። ባና የሌለው፦ አምስት፣ ዘጠኝ፣ አራት፣ ስምንት። ባና ግማሽ፦ ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት ተኩል፣ ሰባት...

ሰባት። በዚያ ሁሉ ውርጭ፣ ባናው ነፋሱን ከልሎለት። ደብተሩን ይዤ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። እየሩስ ገንፎ ቀርቧል ብላ እስክትጠራኝ እዚያው ነበርኩ። ስለጮህኩባት ይቅርታ ጠየቅኳት። "ብላ፣ ይቀዘቅዛል" አለችኝ።

ታኅሣሥ 20

ላክሁት። የሙቀቱም ሠንጠረዥ፣ የብርዱም። "ባና" የሚለውን "መሸፈኛ" ብዬ ጻፍኩት። እየሩስ ደስ አላላትም።

መጋቢት 5

በዛወርቅ ራሷ ደወለች። ድምፅዋ የልጅ ነው፣ ትሁት ናት።

"አቶ ፋንታሁን፣ አሁን ተሟልቷል። ግን የሙቀቱ ክፍል... ደቂቃ መቁጠሩም ሠንጠረዡም... ተመሳሳዩ ውጭ አገር ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ታትሟል። አዲስ ነው ማለት አልችልም።"

እኔ ስንት ዓመት በልቤ ቆልፌ የያዝኩት ነገር፣ ለካ ለዓለም ተገልጦ ኖሯል? ከማን ነበር የምደብቀው?

"የብርዱ ግን አዲስ ነው" አለች። "የውጪውን ክፍል በግማሽ ሸፍኖ መለካት። ብዙ ፈለግሁ፣ የትም የለም። ፓተንት ሊያገኝ የሚችለው እሱ ብቻ ነው። በጣም ቆንጆ ሐሳብ ነው። ማን አሰበው?"

"እኔ" አልኳት።

መጋቢት 6

ምን ነበር ያልኩት?

ሳላስበው ነው የወጣው... አይደለም። ሳላስበው ቢሆን ወዲያው አርመው ነበር። እየሩስ "ምን አሉህ?" አለችኝ። "ሊሰጡን ነው መሰለኝ" አልኳት። አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ምሳ አቀረበች፣ ሳልበላ ተነሳሁ።

መኳንንትም እንዲህ ይሆን የጀመረው? አለቃው ሲጠይቀው "እኔ" የምትለዋ ቃል አፉ ላይ ቀድማ ደርሳ? ዘጠኝ ዓመት ክፉ ሰው ነው ስል ኖርኩ። እሱ እንኳን የነጠቀው ባልደረባውን ነው። እኔ ሚስቴን።

መጋቢት 7

ኔትወርክ ፍለጋ ዳገቱ ላይ ወጥቼ ደወልኩ።

"ከትናንት ወዲያ የዋሸሁዎት ነገር አለ" አልኳት። "የብርዱን ያሰበው እኔ አይደለሁም።"

"ማን ነው ታዲያ?"

"ባለቤቴ ናት።"

"እሷም የማቀዝቀዣ ባለሙያ ናት?"

"ልብስ ሰፊ ናት።"

ሳቀች፣ ግን በደግነት። "ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ይላኩልኝ። ቅጹ ይስተካከላል፣ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ።"

ወርጄ ለእየሩስ ሁሉንም ነገርኳት። "እኔ" ማለቴንም። ብትሰማው እንደምትከፋ አውቃለሁ፣ ሌላ ነገር መደበቅ ግን አልቻልኩም። ክሩን በጥርሷ በጥሳ ስፌቷን ቀጠለች። አንድ እጅጌ ጨረሰች።

"ለስንት ቀን ነው የሰረቅከኝ?"

"ለሁለት ቀን።"

"መኳንንት ስንት ዓመቱ?"

"ዘጠኝ።"

"አንተ ትሻላለህ" አለች። ከዚያ ፊቷን አዞረች። ታልቅስ ትሳቅ አላየሁም። ሄጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩ፣ አላባረረችኝም።

ሰኔ 18

ወረቀቱ መጣ። ማኅተም አለው። ፖስታውን ሳልከፍተው ይዤ ገባሁና ለእሷ ሰጠኋት። እጇን ታጥባ ከፈተችው።

"የፈጠራ ሠራተኞች ስም" ይላል። በመጀመሪያ የኔ። ከሥሩ፣ "እየሩስ መልከ ጼዴቅ"። ጣቷ እዚያ ላይ ቆመ። የስሟ መጨረሻ ላይ።

"አባቴ መጻፍ አይችልም ነበር" አለች። "በአውራ ጣቱ ነበር የሚፈርመው። ስሙን ተጽፎ ሳያየው ሞተ።"

የሞቱት አራተኛ ክፍል እያለች ነው። ከዚህ ሌላ ስለ እሳቸው ብዙ ነግራኝ አታውቅም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም። "እንዴት ያለ ሰው ነበሩ?" አልኳት። ነገረችኝ። ረጅም ጊዜ ነገረችኝ፣ ሁለት ደንበኛ መጥቶ ተመለሰ።

ከዚያ "ጮክ ብዬ ላንብበው?" አለች።

"አንብቢው።"

ቆማ አነበበችው። እየሩስ መልከ ጼዴቅ። ሦስት ጊዜ። የኔን ስም ሦስቱንም ጊዜ ዘለለችው፣ አልተከፋሁም።