ሁለት ክፍል ሲቀረው ስለተገደለው ደመኛዬ

ሐምሌ 9 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለጭንጫ በር ከተማ ፀጥታ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ቤተሰብዎ፣ በቅሎዎ፣ ይልቁንም ሰኔ ዘጠኝ ቀን አስከትለዋቸው የመጡት የአራቱ ባልደረቦችዎ ቀኝ ክንድ ደኅና ነው ወይ? በዚያ ዕለት ያለ ልክ ስለደከመ ወለምታ እንዳይዘው ስሰጋ ሰንብቻለሁ። እኔ በማረፊያ ቤትዎ ካሳለፍኋቸው ዘጠኝ ቀናት በቀር ደኅና ነኝ፤ እስከ ሐምሌ ዐሥራ ስምንት ድረስም ደኅና እንደምሆን ተስፋ አደርጋለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጤናዬ በእርስዎ እጅ ነው።

ምናልባት ከእስረኞች ብዛት የተነሣ ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ ወርቅነህ ጥበቡ እባላለሁ፤ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለ ጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው እንባ «ለክቡርነትዎ» እያልሁ ስገለብጥ ኖሬ የራሴን ስጽፍ ይህ ሦስተኛዬ ነው። ቀደም ሲል በእጅዎ ያስረከብኋቸው ሁለት የታሸጉ ደብዳቤዎች የገቡበት ስላልታወቀ፣ ይህኛው እንዳይጠፋብዎት በማሰብ ሳላሽገው በገበያው በር፣ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳና ወደ ንፋስ መውጫ በሚመላለሰው አውቶቡስ የኋላ መስታወት ላይ ለጥፌዋለሁ። ምስጋናዬንም እንደ ሙያዬ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ደመኛዬን ስለገደሉልኝ አመሰግናለሁ። ካሣሁን ብርሃኔ ወንድሜን አስማረን የገደለው መሬት በተከፋፈለበት በ1989 ዓ.ም.፣ አዲስ በተመታ ችካል አጠገብ፣ አንድ ፈር በማይሞላ ድንበር ምክንያት ነው። አንገቱን በምሳር ሁለት ጊዜ መታው። እኔ ስደርስ ወንድሜ ገና ይተነፍስ ነበር፤ ትንፋሹ ግን የሚወጣው በአፉ ሳይሆን በአንገቱ ነበር። በጋቢዬ ጠቅልዬ ይዤው ጋቢው ከብዶኝ መሬት እስኪነካ ድረስ ቁጭ ብዬ ነበር። ካሣሁን ዐሥራ ስምንት ዓመት ተፈርዶበት ዐሥራ ሁለቱን ከታሰረ በኋላ በ2001 ዓ.ም. በአመክሮ ወጣ፤ እኔም በወጣ በሳምንቱ ሴንጢ ገዛሁ። ይህን በአደባባይ ስጽፍ አላፍርም፤ የማያውቅ ሰው የለምና። የምወጋበትን ቦታ እንኳ መርጬ ነበር፤ ከግራ ጆሮው በታች፣ ወንድሜን ከመታበት አጠገብ።

ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። በገበያ ቀን እሱ በላይኛው መንገድ ሲሄድ እኔ በታችኛው እሄዳለሁ፤ በከተማው ማመልከቻ የሚጽፍ ከእኔ ሌላ ስለሌለ ለአንዲት ወረቀት ንፋስ መውጫ ድረስ ይንከራተት ነበር። ደመኛ ከደመኛው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እንደማይቀመጥ እርስዎም የአገሩ ልጅ ነዎትና አላስተምርዎትም።

፪ኛ. የኢዮብን ቪዲዮ ቤት ስለዘጉልን አመሰግናለሁ። ቤቱ ዓይን ሲያበላሽ የከረመ ነው። ኢዮብ ከደብረ ታቦር በዲስክ ያመጣው ባለ ሃያ ስድስት ክፍል ፊልም እናቴ ሳታገባ የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ፣ የሠራው አገር ሕዝብ አይቶ ጨርሶ የረሳው ነው፤ ለእኛ ለጭንጫ በሮች ግን ሚያዝያ ዐሥራ ሦስት ቀን የደረሰ ትኩስ ነገር ነበር። ታሪኩ የአንድ የባቡር ተቆጣጣሪ ነው። አሮጌ ፉርጎ ውስጥ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ፉርጎው ወዳለፈ ዘመን ይወስደዋል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንድሙ በጣቢያው ደጅ በጥይት የተመታበትን ጠዋት። በየክፍሉ ይደርሳል፤ በየክፍሉ ይዘገያል፤ አንዴ በቀን፣ አንዴ በሰዓት፣ አንዴ ጫማውን እስኪያስር ድረስ። ኢዮብ ከማያ ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ይተረጉምልን ነበር። እኔም በአርባ ዓመቴ ዳርቻ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ያስባል ብዬ አላውቅም ነበርና አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ሲባል ያደግሁ ሰው፣ አንድ ሰው ተንበርክኮ ሲያፍስ አየሁ።

መስኮቶቹ በማዳበሪያ ጆንያ ስለተሸፈኑ እኩለ ቀን ቢሆንም ሰው ጎረቤቱን አያይም። በመጀመሪያው ቅዳሜ በሦስተኛው ክፍል መካከል ጀነሬተሩ ቆመና ኢዮብ ጆንያውን ሲገልጥ፣ ካሣሁን ከፊቴ ሁለት አግዳሚ ራቅ ብሎ ማጅራቱን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። እጄ ኪሴ ገባ። ሴንጢውን ከፈትሁት። በዚያው ቅጽበት ጀነሬተሩ ተነሣ፣ ጆንያው ወረደ፣ ተቆጣጣሪውም በሐዲዱ ላይ ወደ ወንድሙ ይሮጥ ጀመር። እውነቱን ልናገርና፣ ይህን ክፍል ልየውና እገድለዋለሁ አልሁ። ካሣሁን ስምንት ቅዳሜ በሕይወት የሰነበተው በዚህ ምክንያት ነው፤ የኢዮብ ፊልም በጭንጫ በር የሠራው ወንጀል ይህ ነው፤ እርስዎም በጊዜ ደረሱበት።

፫ኛ. ሽማግሌዎቻችንን ስለአከበሩልን አመሰግናለሁ። ሁለት ደመኞች አንድ ጣሪያ ሥር ውለው ደም ሳይፈስ ወጡ የሚል ወሬ የሰሙት መሪጌታ ገብረ መድኅን፣ በቤተ ልሔም ድጓ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው፣ በሁለተኛው ቅዳሜ ጥምጥማቸውን አሣምረው ቪዲዮ ቤት ገቡ። ገበያው በሳቅ ሞተ። እሳቸው ግን ደመኛ ያስቀመጠ ጣሪያ ቤተ መቅደስ ባይሆን ደጀ ሰላም ይሆናል ብለው በእኔና በካሣሁን መካከል ቁጭ አሉ። ቀስ በቀስም አንድ አግዳሚ እሱን ወደ ኋላ፣ አንድ አግዳሚ እኔን ወደ ፊት እያሉ፣ ፊልሙን ሰበብ አድርገው አቀራረቡን። በስድስተኛው ቅዳሜ ተቆጣጣሪው ደርሶ የወንድሙ ባርኔጣ ብቻ ሲንከባለል ባገኘ ጊዜ፣ በጨለማው ውስጥ አንድ ሰው እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ ሰማሁ፤ ካሣሁን ነበር። አንተን ምን አገባህ ብዬ በቁጣ ነደድሁ። ቤቴ ገብቼ ግን ሴንጢውን ከኮቴ አወጣሁት፤ ከዚያ ወዲያ ይዤው አልሄድሁም።

ሰኔ ሁለት ቀን፣ ሃያ አራተኛው ክፍል ሲያልቅ፣ ሦስታችን አንድ አግዳሚ ላይ ነበርን፤ መሪጌታ ብቻ በመካከል። እሳቸውም ያለፈ ዘመን አይመለስም፣ ወደ ኋላ የሚያስኬድ መንገድ ንስሐ ብቻ ነው፤ በል ልጄ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በል አሉኝ። ካሣሁን አንገቱን ደፍቶ ይጠብቀኛል። እኔም ሁለት ክፍል ቀርቷል፣ ይለቅና እላለሁ አልሁ። መሪጌታ አዘኑ፤ ነገር ግን እርቁ ለሰኔ ሚካኤል ይሁን ብለው ቀን ቆረጡ። የቀረን ዐሥር ቀን ነበር።

በሰባተኛው ቀን እርስዎ መጡ። ሁለት ደመኞች ሳይገዳደሉ መክረማቸው ለከተማዋ ፀጥታ አሥጊ መስሎ ስለታየዎት ይሆናል፤ ብቻ በወረቀትዎ ላይ ያለ ፈቃድ ሰው መሰብሰብ ይላል። ባልደረቦችዎ መጀመሪያ ጀነሬተሩን አጠፉ። ቤቱ እንደ ጉድጓድ ጨለመ። በሩ ተረግጦ ሲከፈት እርስዎ በብርሃኑ ላይ ቆመው አየሁዎት፤ አራቱ ገቡ፤ በሩም መልሶ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የነበረው ድምፅ ብቻ ነው፤ ቆመጥ በጀርባ ላይ፣ ቆመጥ በአግዳሚ ላይ፣ የማያ ሳጥኑ መስታወት ሲረግፍ፣ ሰው በሰው ላይ ሲራመድ። የመጀመሪያው ምት የመሪጌታን የትከሻ አጥንት ሰበረው፤ ድምፅ እንኳ ሳያሰሙ በላዬ ወደቁ። ካሣሁን ተነሣ። ሽማግሌ አለ፣ ሽማግሌውን አትምቱ ብሎ ሲጮህ ሰማሁት። ደገመው። ሦስተኛውን አልጨረሰም። እንጨት ጭንቅላት ላይ ሲያርፍ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ያወቅሁት ያን ዕለት ነው፤ አራት ጊዜ ቆጠርሁ። ሰውነቱ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። ራሱን ስይዘው ጣቶቼ ሊገቡበት በማይገባ ቦታ ገቡ። ጆንያው ተቀዶ ብርሃን ሲገባ፣ ከተማው ወርቅነህ ጥበቡን ያየው የደመኛውን ራስ ታቅፎ እስከ ክርኑ በደም ተነክሮ ተቀምጦ ነው። ወንድሜም ካሣሁንም የሞቱት በክንዴ ላይ ነው። በአንድ ዕድሜ ሁለት ጊዜ አጥንት ሲቀዘቅዝ መያዝ ለጠላቴ አልመኘውም ልል አሰብሁ፤ ጠላቴ ግን እሱ ነበር።

፬ኛ. ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋናዬ ለጽሑፍ ችሎታዎ ነው። ከሙያ አንፃር ስናገር፣ «ሟች ሕገ ወጡን ስብሰባ ለመበተን በተደረገው ጥረት መካከል ጨለማን ተገን ባደረገ ነባር ደመኛው ተመትቶ» የሚለው የሪፖርትዎ አንቀጽ እኔ በሃያ ዓመት ያልጻፍሁት ዓይነት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ወረቀቱ ይዞኝ ቀርቷል። ከሁሉም ይልቅ የረቀቀው ግን በዘጠነኛው ቀን በቂ ማስረጃ አልተገኘም ብለው መፍታትዎ ነው። ቢያስሩኝ ኖሮ ዳኛ ይጠይቅ ነበር። ዳኛ ሲጠይቅ ካሣሁን በቆመጥ ተመትቶ መሞቱን የሚገልጸው የጤና ጣቢያ ወረቀት ይፈለግ ነበር፤ ያ ወረቀት አሁን በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ነው። ፈተው ሲለቁኝ ግን ዳኛው የካሣሁን ልጅ አድማሱ ሆነ። አባቱ ሲታሰር የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ዛሬ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ የአያቱንም ምንሽር ዘይት ቀብቶ እንደሚጠብቀኝ ያልነገረኝ ሰው የለም። አልፈርድበትም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ዘይት እቀባ ነበር። መሪጌታን ሄዶ ጠይቋቸዋል፤ እሳቸውም ሐሰት አይናገሩምና፣ ራሴን ስቼ ነበር ልጄ፣ የመታውን አላየሁም አሉት። ኢዮብ የተረፈውን ዕቃ ጭኖ መካነ ኢየሱስ ገብቷል። ሌሎቹ የሰሙትን ያውቃሉ፤ የቆመጡ ሰንበርም ገና ጀርባቸው ላይ ስለሆነ ዝም ብለዋል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎት አንድ መስመር ነው። ካሣሁንን የመታነው እኛ ነን የሚል። ማን እንደመታ ስም አልጠይቅም፤ ማኅተምም ቢቀር ግድ የለኝም። ያቺ መስመር ካልመጣች አድማሱ ይገድለኛል፤ እሱ ከታሰረ ወዲያ ልጄ አድጎ አድማሱን ይፈልገዋል፤ እኔና ካሣሁን ስምንት ቅዳሜ ሙሉ በአንድ ፊልም ያቆምነው ነገር በእርስዎ አንድ አንቀጽ ሃምሳ ዓመት ይቀጥላል። መሞት አልፈራም ብል ውሸት ነው፤ እፈራለሁ፤ ሌት እንቅልፍ የለኝም። ይበልጥ የምፈራው ግን ያ ልጅ ባልሠራሁት ደም እጁን ነክሮ፣ እንደ አባቱ ዐሥራ ሁለት ዓመት ታስሮ፣ ወጥቶም በላይኛው መንገድ እንዳይሄድ ነው።

ያቺ መስመር ብትመጣም ባትመጣም ሐምሌ ዐሥራ ስምንት ቀን፣ በካሣሁን አርባ፣ ወደ ሚስቱ ወደ ፋንቱ ደጅ እሄዳለሁ። በአገራችን የገደለ ሰው ምሕረት ሲለምን በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ በሟች ወገን ፊት ይወድቃል፤ ድንጋዩን ያወርዱለታል፣ ወይም አያወርዱለትም። እኔ አልገደልሁትም። ነገር ግን ሰኔ ሁለት ቀን ምሬው ቢሆን ኖሮ ሰኔ ዘጠኝ ቀን ምሕረቴን ሲጠብቅ እዚያ አግዳሚ ላይ ባልተቀመጠ ነበር። የፊልም መጨረሻ ለማየት ብዬ የአንድን ሰው ምሕረት ሳምንት አሳደርሁት። ይህን ጥፋት የሠራሁት እኔ ነኝና ተሸክሜው እሄዳለሁ፤ ሴንጢም ሆነ ዱላ አልይዝም፤ አድማሱ ቢተኩስ ብዙ ሰው ያያል፤ ያን ጊዜ እርስዎም ሪፖርቱን ለመጻፍ ፈጠራ አያስፈልግዎትም።

ዕድሜና ሹመት እንዲጨመርልዎ፣ ከተማችንንም እንደ እስካሁኑ በጸጥታ ጸጥ እንዳደረጓት እንዲኖሩ እየለመንሁ፣ በፊትዎ ሦስት ጊዜ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ በወረቀትዎ ነፍሰ ገዳይ፣ በእግዚአብሔር ፊት ምሕረት ያዘገየሁ ባሪያዎ፣

ወርቅነህ ጥበቡ
ማመልከቻ ጻፊ

ግልባጭ፦
ለመሪጌታ ገብረ መድኅን
ለወይዘሮ ፋንቱና ለልጃቸው ለአድማሱ ካሣሁን
ሰኔ ዘጠኝ ቀን በቤቱ ውስጥ ለነበሩና ዝም ላሉ ሁሉ

ማስታወሻ፦ ትናንት ወንዝ ወርጄ ሁለት ድንጋይ መርጫለሁ። ትንሹን ሐምሌ ዐሥራ ስምንት ቀን እኔ እሸከመዋለሁ። ትልቁን በጽሕፈት ቤትዎ ደጃፍ በስተቀኝ አኑሬልዎታለሁ፤ ዘበኛዎ የማን ነው ብሎ እንዳይቸገር ስምዎን ከነማዕረግዎ ጽፌበታለሁ፤ ክረምቱ እንዳያጥበውም በዘይት ቀለም ነው።