አባባ ትጥቃቸውን ፈቱ

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለኤሊያስ ሽብሩ፣

የጌታ ሰላም ባለህበት ይብዛልህ። ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት አድርጎሃል? ምግቡስ፣ እንቅልፉስ ተስማምቶሃል? የጄኔቭ ሰው በምን እንደሚውል ባላውቅም፣ ጠዋት ማታ ስምህን ሳልጠራ ጸሎቴን አልዘጋም። እኛ፣ ጌታ ይመስገን፣ አለን። «አለን» ያልኩህ ለወጉ ነው። እንዴት እንዳለን ከዚህ በታች ታየዋለህና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ክረምት ላይ የጻፍክልን ደብዳቤ ትዝ ይልሃል? የአቶም መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለውን ውል አገራችን ልትፈርም እንደሆነ፣ አንተም ለመልክተኞቻችን ታይፕ እንደምትመታ የገለጽክበት? «እኛ ትንንሾቹ ቀድመን ትጥቅ ካልፈታን ትልልቆቹ አይፈቱም» ብለህ ነበር። አባባ ደጋግመው አስነበቡኝ። በሀዲይኛ ልተርጉምላቸው ብል «ተይኝ እባክሽ፣ እኔ አማርኛን በጣልያን ጊዜ ዱር ለዱር ስዞር ነው የተማርኩት» ብለው ተቆጡኝ። ታውቃቸው የለም፣ አማርኛቸው ከተነካ ማን ይችላቸዋል! አቶም የምትለዋን ዘለሏት። ትጥቅ የምትለዋን ግን ያዟት። ለእሳቸው ትጥቅ ማለት ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ምንሽራቸውና ዝናሩ ነው፤ ሌላ ትጥቅ አያውቁም።

በጳጉሜን ከባለሱቁ ከገብረ ሥላሴ ዘንድ ተቀምጠው ሳለ፣ ኢትዮጵያ ውሉን መፈረሟን ሬድዮኑ ተናገረ። አባባ ተነሥተው ወደ ቤት መጡ። ምንሽሩን አወረዱ፣ ወለወሉት፣ ዝናሩን ጠቀለሉና ለሹማችን ለቆሮ ጠና ወስደው አስረከቡ። እማዬ «ምነው፣ ምን ነካዎት?» ብትላቸው፣ «ልጄ ዓለምን ትጥቅ ሊያስፈታ ሄዶ የአባቱ ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ቢገኝ በምን ፊቱ ይናገራል?» አሏት። ገበያው ሁሉ ሳቀባቸው። እኔ ከጸሎት ስወጣ ሰምቼ ላስመልስ እየሮጥኩ ብሄድ፣ ቆሮ ጠና «አባትሽ በፈቃዳቸው ነው የሰጡኝ» ብሎ በሩን ዘጋብኝ።

በወንዙ በኩል የሚያዋስነንን አሳምነውን መቼም አትረሳውም። ምንሽሩ እያለ ድንበራችንን የሚያርሰው በዓይኑ ብቻ ነበር። በጥቅምት ግን በሬዎቹን ጠምዶ እስከ እንሰታችን ድረስ ገባ። አባባ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። የተመለሱት በሰው ሸክም ነው። አሳምነው ወገባቸውን በሰደፍ ደብድቧቸዋል። ሰደፉ ላይ አባባ በገዛ እጃቸው የሰፉት የጥጃ ቆዳ ነበረበት፤ ያየ ሰው ሁሉ መስክሯል። አዎ ኤሊያስዬ፣ የራሳቸው ምንሽር ነው። ቆሮ ጠና ይሽጥለት፣ በስጦታ ይስጠው፣ እሱን አንድዬ ይወቀው። ጉድ እኮ ነው!

የሚሲዮኑ ሐኪም አይቷቸው ራሱን ነቀነቀ። ከአልጋ አልተነሡም፤ ሰውነታቸው አልቋል። ከሰን ነበር፤ ነገር ግን የያዝነው ጠበቃ የአሳምነውን ስም ሲሰማ ድምፁ ይጠፋል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አሉ።

እውነቱን ልንገርህ፣ በአንተ ተናድጄ ነበር፤ አሁንም አልበረደልኝም። እኛ ምን አቶም አለን? ከወዴት አምጥተን? የሌለንን ፈታን ብለን ፈረምን። ያለውን የፈታ አባባ ብቻ ናቸው።

ማታ ማታ «ትልልቆቹ ፈቱ ወይ?» ይሉኛል። «ገና እየተነጋገሩ ነው» እላቸዋለሁ። «ይነጋገሩ፣ ከባድ ነው። እኔም ከግድግዳው ኩላብ ካወረድኩት በኋላ መልሼ ልሰቅለው ነበር» ይላሉ። ኩላቡ ዛሬም ባዶ ነው፤ ነጠላዬን እንኳ እንድሰቅልበት አይፈቅዱም። የደብዳቤህን ትርጉም እንደሳቱት አልነገርኳቸውም፤ አልነግራቸውምም። አንተም በእናትህ፣ እንዳትጽፈው። ለምን እንደተመቱ ማወቁ ብቻ ነው የቀራቸው፣ እሱን አንቀማቸው። ከቻልክ ና፤ አለቆችህን ለምናቸው። ካልቻልክም ፈቱ ወይስ አልፈቱም፣ ቶሎ ጻፍልኝ። ካልፈቱ እኔ ልወቀው፤ ለአባባ የማነበውን እኔ አላጣውም።

እማዬ «ገነቴ፣ ዓይንህን ሳላይ አልሙት» ትልሃለች። ታናሽህ ጥሩሰው እጅ ይነሣል፤ አሳምነውን ካልገደልኩ እያለ አስቸግሮን ሌሊቱን የምንጠብቀው እሱን ነው። ገብረ ሥላሴም ሰላም ብሎሃል፤ አባባ ስለሚሰሙበት ሬድዮኑን ቤታችን ትቶልናል።

ይህን ስጽፍ አባባ ነቁና «የእኔንም ቃል አስገቢ» አሉኝ። ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸው፦ «ኤሊያስ፣ ለትልልቆቹ ንገራቸው። የሆሳዕናው ሽብሩ ፈትቷል። ተራው የእነሱ ነው።»

እህትህ ጣቢታ ሽብሩ
ሆሳዕና፣ ኅዳር ፲፩ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.